ኅዳር 15 በፌስቱቤር

እሑድ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. — ለንደን

ሥራዬ የሌሊት ጥበቃ ነው። የምጠብቀው ሕንጻ ቴምዝ ወንዝ ዳር ስለሆነ ጠዋት ተተኪዬ ሲመጣ በቪክቶሪያ ኢምባንክመንት የአትክልት ሥፍራ አቋርጬ ወደ ባቡር ጣቢያ እሄዳለሁ። ከመከላከያ ሚኒስቴሩ ጀርባ ያለው ይህ ሥፍራ ሐውልት የበዛበት ነው። በዐፄ ዮሐንስ ዘመን አገራችን ድረስ መጥቶ የነበረው፣ በኋላም ካርቱም ላይ የተገደለው ጎርደን እንኳ እዚያ በነሐስ ቆሟል። በዚህ ሁሉ ግዙፍ ነሐስ መካከል አንዲት ትንሽ የመታሰቢያ ድንጋይ መኖሯን ያወቅኩት ሁለት ዓመት ሙሉ በአጠገቧ ካለፍኩ በኋላ ነው፤ ያውም የጫማዬ ማሰሪያ ተፈትቶ ጎንበስ ስል።

ስሙ ፍራንክ አሌክሳንደር ደ ፓስ ነው፤ የመቶ አለቃ። እኔን ያስቆመኝ ግን ስሙ አልነበረም፤ የነበረበት ክፍል ነው። ፑና ሆርስ የሚባል የሕንድ ፈረሰኛ ሬጅመንት። የለንደን ልጅ፣ አይሁዳዊ፣ የሕንድ ፈረሰኞች መኮንን፣ የሞተው ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ። አንድ ሰው እንዴት ይህን ሁሉ ይሆናል ብዬ ነገሩን መፈለግ ጀመርኩ። ጥበቃ የሚያድር ሰው ደግሞ ለማንበብ ጊዜ አያጣም።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። ቤተሰቡ ከስፔንና ከፖርቱጋል ከተሰደዱት አይሁድ ወገን ሲሆን አባቱ ኤልዮት ደ ፓስ ከካሪቢያን ደሴቶች ጋር ይነግዱ ነበር። ልጁ ግን ወደ ንግዱ አላዘነበለም። በ1906 መድፈኛ መኮንን ሆኖ ተመረቀ፤ ሕንድ ተላከ፤ እዚያም ወደ ፈረሰኛው ተዛወረ። በ27 ዓመቱ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ፌስቱቤር በምትባል የሰሜን ፈረንሳይ መንደር ሞተ። ከሞተ በኋላ ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለው የእንግሊዝ ከፍተኛው የጀግና ሜዳሊያ ተሰጠው፤ በዚያ ጦርነት ይህን ሜዳሊያ ካገኙት አይሁዳውያን የመጀመሪያው እሱ ነው።

ሽልማቱን ያወጀው ጽሑፍ አጭር ነው። ደ ፓስ የጀርመኖች ቦይ ውስጥ ገብቶ ምሽጋቸውን ማፍረሱን፣ ቀጥሎም በከባድ ተኩስ ውስጥ ሜዳ ላይ ወድቆ የነበረ «አንድ ቁስለኛ» ማውጣቱን፣ በመጨረሻም ጀርመኖች መልሰው የያዙትን ያንኑ ቦይ ለመንጠቅ ሲሞክር መሞቱን ይናገራል። ይህን በስልክ ለእናቴ ስነግራት ስለ ሜዳሊያው አንድም ቃል አልጠየቀችኝም።

«ቁስለኛውስ ተረፈ?» አለች።

ጉዞው የመጣው ከዚህ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል።

ዛሬ ዋይትሆል ወደሚባለው የለንደን ጎዳና የወጣሁት ለሥራ አይደለም። እንግሊዝ ለጦርነት ሟቾቿ በኖቬምበር ሁለተኛ እሑድ ታስባለች፤ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ የአይሁድ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር የራሱን ሰልፍ ያደርጋል። ከመንገዱ ዳር ካለው አጥር ኋላ ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ በተሽከርካሪ ወንበር ይመጣሉ፤ የሚችሉት በእግራቸው። ሜዳሊያው በእርምጃቸው ልክ ይንሿሿል። አንድ ዐሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ሜዳሊያ በቀኝ ደረቱ አንጠልጥሎ አየሁ። እዚህ አገር ወግ አለው፤ በግራ የተንጠለጠለ የራስ ነው፣ በቀኝ የተንጠለጠለ የሞተ ዘመድ። ሜዳሊያው ለልጁ ስለከበደው ኮቱን ወደ አንድ ወገን ጎትቶታል።

ከዚያ ለሙታን የሚባለው ጸሎት ተጀመረ። ቃዲሽ ይሉታል። ቋንቋው አረማይክ ነው። «ዪትጋዳል ቬዪትካዳሽ ሽሜ ራባ» ሲል በድምፅ ማጉያው ሰማሁና አንገቴን ቀና አደረግኩ። እንደገና ደገምኩት በልቤ። ዪትካዳሽ ሽሜ። ይትቀደስ ስም። ተንታ ውስጥ በየኔታ ጉልበት ሥር ቁጭ ብዬ፣ ፍየል እያየሁ በቁንጥጫ የተማርኩት «አቡነ ዘበሰማያት ይትቀደስ ስምከ» ዋይትሆል መሐል ቆሞ ጠበቀኝ። ኋላ እንደተረዳሁት ይህ ጸሎት ለሙታን ይባል እንጂ ስለ ሞት አንዲት ቃል የለበትም። ከዳር እስከ ዳር የስሙ ምስጋና ነው።

ከጎኔ የቆሙ ሽማግሌ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው ኖሮ ወደ እኔ ዘወር አሉ። «ከኢትዮጵያ ነህ? ከእኛ ወገን ነህ?» አሉኝ። ቤተ እስራኤል መስያቸው ነው። አይደለሁም፣ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ አልኳቸው። «ታዲያ ጸሎቱን ከየት አወቅከው?» አሉ። ማስረዳቱ ሊረዝም ሆነና «የቋንቋ ዝምድና ነው» ብዬ አለፍኩት። ስለ ደ ፓስ ልሄድ እንደሆነ ስነግራቸው ግን ደስ አላቸው። «አበባ እንዳትወስድ፤ እኛ ድንጋይ ነው የምናስቀምጠው» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 — ወደ ቤቱን ከተማ

ከለንደን ሊል በባቡር አንድ ሰዓት ከግማሽ እንኳ አይሞላም። ከመንገዱ ይልቅ በጣቢያው የፓስፖርት ሰልፍ ላይ የቆምኩት ይበልጣል። ሊል ላይ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው በእግሬ ተሻግሬ የአገር ውስጡን ባቡር ያዝኩ።

እናቴ እዚህ ላይ ደወለች።

«የት ደረስክ?»

«ወደ ቤቱን እየሄድኩ ነው።»

«ወደ ማን ቤት?»

«የማንም ቤት አይደለም እማዬ፤ ከተማዋ ናት ቤቱን የምትባለው።»

«ቤቱን ምን አደረጉት?»

ፈረንሳዮች ይህን ስም ሲያወጡ አንድ ቀን አማራ ይመጣል ብለው አላሰቡም። ለዐሥር ደቂቃ ያህል በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ቤት የማይገኝ ክርክር ተከራከርን። በመጨረሻ «ደህና፣ ቤቱንም አገኘኸው እንበል፤ ለመሆኑ ይህ ሰው ምንህ ነው?» አለች። ምኔም አይደለም አልኳት። «ምንህም ላልሆነ ሰው ይህን ያህል ገንዘብ?» አለች። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ፣ «ያንን ቁስለኛ ግን ጠይቅልኝ» አለች፤ ልክ እዚያ መንደር ደርሼ ቤቱን አንኳኩቼ የምጠይቀው ይመስል።

እኔም ያልነገርኳት ነገር አለ። የእናቴ አገር ከመቅደላ አምባ ሥር ነው። ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ አምባውን በየቀኑ እናየዋለን። እንግዲህ ደ ፓስ የነበረበት ሬጅመንት ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1921፣ ከሌላ የቦምቤይ ፈረሰኛ ክፍል ጋር ተዋሐደ፤ ያ ክፍል ደግሞ በ1860 ዓ.ም. ከናፒዬር ጋር ወደ እኛ የዘመተው ነው። የተዋሐደው ፑና ሆርስ እስከ ዛሬ በሕንድ ጦር ውስጥ አለ፤ ከክብር ስሞቹም አንዱ «አቢሲኒያ» ነው። ዝሆን ይዘው መጥተው ቴዎድሮስን ከበው የሄዱት ሰዎች ማለት ነው። ደ ፓስ ያኔ አልተወለደም፤ የሱም ክፍል ሌላ ነበር። ቢሆንም እናቴ ይህን ብታውቅ ጉዞውን በአንድ ቃል ታስቀረው ነበር።

ቤቱን ከተማ መሐሏ ሰፊ አደባባይ ነው። በአደባባዩ መካከል ብቻውን የቆመ ጥንታዊ የደወል ማማ አለ፤ ከዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ያለ ነው ይባላል። ዙሪያውን ያሉት ሕንጻዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1918 የጀርመን መድፍ ከተማዋን ካወደማት በኋላ የተሠሩ ናቸው፤ ፊታቸው ጠባብ፣ ራሳቸው ሾጣጣ፣ ተጠጋግተው ፎቶ ለመነሣት የቆሙ ዘመዳሞች ይመስላሉ። ደወሉ በየሩብ ሰዓቱ ይደወላል። ሆቴሌ ከሥሩ መሆኑን ስከራይ እንደ ጥሩ ነገር ነው የቆጠርኩት።

ነገ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ዛሬ ቅበላ ነው። አደባባዩ ላይ ካለ ምግብ ቤት ገባሁና ካርቦናድ የሚሉትን አዘዝኩ፤ የበሬ ሥጋ በቢራና በሽንኩርት ረጅም ሰዓት የተቀቀለ። ቁርጥ አይደለም፤ ክትፎም አይደለም። ግን መረቁን በዳቦ ሳጣጥመው ሽንኩርቱ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ያህል በስሏል። ለብቻ የሚበላ ቅበላ ደስ አይልም። አስተናጋጇ ሳህኑን ጠርጌ መብላቴን አይታ ሌላ ላምጣልህ ወይ አለችኝ። ለአርባ ሦስት ቀን የሚሆን ካለሽ አምጪ ልላት ነበር፤ ፈረንሳይኛዬ አልደረሰልኝም።

እሑድ፣ ኅዳር 15 — ፌስቱቤር

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1914 በእኛ ኅዳር 15 ቀን 1907 ነበር። ልክ የዛሬ መቶ ዐሥር ዓመት። ምኒልክ ካረፉ ዓመት እንኳ አልሞላም።

እሑድ ወደ ፌስቱቤር አውቶቡስ የለም። የሆቴሉ ባለቤት ብስክሌት አዋሰኝ፤ ከዘጠኝ ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ መንገዱም ዝርግ ነው አለኝ። ዝርግነቱ እውነት ነው። ሐሙስ ዕለት በረዶ ጥሎ ነበር አሉ፤ ዛሬ ደግሞ አየሩ እንደ ሚያዝያ ሞቆ ነፋሱ ሰው ይገፋል። አራት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድኩ የብስክሌቱ ሰንሰለት ተበጠሰ። የቀረውን መንገድ እኔ ብስክሌቱን እየገፋሁ፣ ነፋሱ እኔን እየገፋ ሄድን።

ፌስቱቤር ማለት አንድ መንገድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀይ የሸክላ ቤቶችና እርሻ ነው። ኮረብታ የለም። ወሎ ላደገ ሰው አገሩ ራሱ ያልተጠናቀቀ ይመስላል፤ እግዜር መሬቱን ዘርግቶ ተራራውን ሊያስቀምጥበት ሲል ሌላ ሥራ የጠራው። በእርሻው መካከል ጠባብ የውኃ መውረጃ ቦዮች አሉ። አንዱ ዳር ቆሜ በዱላ ለካሁት፤ ውኃው ከሣሩ በታች ከአንድ ክንድ አይርቅም። እንግዲህ እዚህ ምሽግ ቆፍሩ የተባሉት ሰዎች ገና ጉልበታቸው ሳይደርስ ውኃ ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ያ ኅዳር ደግሞ በረዶ የጣለበት ነበር።

ፑና ሆርስ በጥቅምት ማርሴይ ወደብ የደረሰው ከፈረሱ ጋር ነው። ከሕንድ በመርከብ ተሳፍረው፣ ፈረሶቻቸውን አክመው፣ ሣር ቀልበው አመጡ። ግንባር ሲደርሱ ፈረስ የሚጋልብበት ሜዳ የለም። ፈረሱን ከኋላ አሥረው ፈረሰኛው ወደ ጭቃው ወረደ። ለፈረሰኛ ሰው ይህ ምን እንደሚመስል የወሎ ሰው ሳይነገረው ይገባዋል።

ደ ፓስና ወታደሮቹ ኅዳር 14 ምሽት ወደዚህ ምሽግ ሲገቡ ነገሩ ተበላሽቶ ነበር የጠበቃቸው። ጀርመኖች ከራሳቸው ምሽግ ወደ ፊት አንድ ጠባብ ቦይ እየሰረሰሩ መጥተው ከሕንዶቹ ምሽግ ዐሥር ሜትር ያህል ላይ ደርሰዋል። የቦዩን ጫፍ በአሸዋ ጆንያ ዘግተው ለጠመንጃ ቀዳዳ ትተውበታል፤ ከዚያ ሆነው የእጅ ቦምብ ይወረውራሉ። የሕንድ ጦር በበኩሉ በቂ የእጅ ቦምብ አልነበረውም። በዚያ ወራት የእንግሊዝ ወታደሮች ቦምብ የሚሠሩት በባዶ የማርማላታ ቆርቆሮ ነበር።

መንገዱ ዳር ብስክሌቱን አስተኝቼ ዐሥር ሜትር በእርምጃ ለካሁ። ዐሥራ ሦስት እርምጃ። ከቤተ ልሔም በር እስከ ቤተ መቅደሱ ደጃፍ። አንዱ ሲያስል ሌላው ይሰማል።

መጀመሪያ አብዱላ ካን የሚባል ፈረሰኛ ወታደር ፈቅዶ በጨለማ ተሳበና ቦዩን ሰልሎ ተመለሰ። ከዚያ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ ደ ፓስ ከሁለት ወታደሮች ጋር ወጣ፤ ፈትህ ካንና ፊርማን ሻህ ይባላሉ። ሦስቱ በሆዳቸው ተሳቡ። ፈንጂውን በጠመንጃው ቀዳዳ በኩል አስገቡና አፈነዱት፤ የጆንያው ክምር ፈረሰ። ሁሉም በሕይወት ተመለሱ። እነዚህን ሦስት ስሞች ሳገኝ ደስ ብሎኛል፤ የእንግሊዝ ጦርነት መጽሐፍ የመኮንኑን ስም ጽፎ የቀሩትን «ጥቂት ወታደሮች» ብሎ ማለፍ ይወዳል። ሦስቱም እስላሞች ናቸው። መኮንናቸው አይሁዳዊ። የሚታዘዙት ለአንድ ክርስቲያን ንጉሥ።

ከነጋ በኋላ ደ ፓስ ወደ ጎረቤት ምሽግ ሲሄድ ከምሽጉ ውጭ፣ ሜዳ ላይ፣ የ58ኛው ሬጅመንት አንድ ሕንዳዊ እግረኛ ቆስሎ ወድቆ አየ። ኩክ የሚባል እንግሊዛዊ ፈረሰኛ አብሮት ወጣ። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ የጀርመን ምሽግ ፊት ለፊት ነው። ሁለቱ ተሸክመው አመጡት።

እናቴ የምትጠይቀው ይህን ሰው ነው። የተሸከሙት የሁለቱ ስም ተጽፏል፤ ሬጅመንታቸው፣ ማዕረጋቸው ተጽፏል። የሱ አልተጻፈም። ቁጥሩ ብቻ፤ 58ኛ።

በማግስቱ ጀርመኖቹ ቦዩን መልሰው ይዘውት ነበር። ደ ፓስ ያኔ ነው የተገደለው። በእነዚያው ቀናት፣ በዚሁ መንደር ጥግ፣ ዳርዋን ነጊ የሚባል የጋርዋል ተራራ ሰው ሁለት ጊዜ ራሱን ቆስሎ ጀርመኖቹን ከምሽግ ወደ ምሽግ በሳንጃ እያባረረ ያንኑ ሜዳሊያ አገኘ። እሱ ተርፎ አገሩ ገባ።

አንድ ገበሬ ውሻውን ይዞ መጣ። ብስክሌቱን አየ፤ እኔን አየ። የምፈልገውን በእጅና በቁርጥራጭ ፈረንሳይኛ ነገርኩት። ሕንዶቹን ያውቃል፤ «ሌዛንድየን» አለና ክንዱን በእርሻው ላይ ከዳር እስከ ዳር ዘረጋ፤ ሁሉም ቦታ ለማለት። ወስዶ የስልክ እንጨት ሥር የተቀመጠ ነገር አሳየኝ። ዝገት የበላው የመድፍ ጥይት ነው፤ ርዝመቱ እንደ ጠርሙስ። ማረሻው ያወጣውን ገበሬው መንገድ ዳር ያኖረዋል፤ ቦምብ አምካኞች መጥተው ይወስዱታል። በየዓመቱ ይበቅላል ይላሉ እዚህ። ልጠጋው ስል በክርኔ ያዘኝ። ከዚያ በኪሱ ከነበረው ሽቦ ሰንሰለቴን አሥሮ ሰደደኝ።

ከመሄዴ በፊት ድንጋይ ፈለግኩ። ሽማግሌው አደራ ብለውኛል። ግን በዚህ አገር አፈሩ ሙሉ ጭቃ ነው፤ አንድ ጠጠር የለበትም። ወሎ ተወልጄ ድንጋይ አጥቼ ስዞር ራሴን ታዘብኩት። በመጨረሻ ከቦዩ ጠርዝ ሁለት የቀይ ሸክላ ስባሪ አገኘሁ፤ ከጦርነቱ በፊት የነበረ ቤት ይሁን የዛሬ ዓመት የፈረሰ የዶሮ ቤት አፈር ብቻ ያውቀዋል። አጥቤ በመሐረብ ጠቀለልኩ።

ማታ ምግብ ፍለጋ ሌላ ጦርነት ነበር። ድንች ጥብስ ጾም ነው ብዬ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ በምንድን ነው የምትጠብሱት ብዬ ጠየቅኩ። ሻጩ በኩራት ደረቱን ነፍቶ «በበሬ ሞራ ነዋ!» አለኝ። በዚህ አውራጃ ሌላ ዘይት መጠቀም እንደ ነውር ነው የሚታየው። ዳቦና ፖም ይዤ ደወሉ ሥር ተኛሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16 — መቃብሩ፣ ከዚያም ኑቭ ሻፔል

የሞተበት ቀን ዛሬ ነው። የቤቱን ከተማ የመቃብር ሥፍራ በእግር ይደረሳል። ፊት ለፊት የከተማው ሰዎች መቃብር ነው፤ ጥቁር እብነ በረድ፣ የሸክላ አበባ፣ የቤተሰብ ፎቶ። ያንን አልፈው ሲሄዱ በድንገት ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም እኩል ይሆናል። ከ3,000 በላይ የእንግሊዝና የቅኝ ግዛቶቿ ወታደሮች እዚህ ተቀብረዋል። ከተማዋ የሆስፒታል ከተማ ስለነበረች ብዙዎቹ ቆስለው መጥተው እዚሁ የሞቱ ናቸው። የድንጋዩ ቁመት የጄኔራልም የተራ ወታደርም አንድ ነው። ይህን ሕግ ወድጄዋለሁ። ሣሩ የታጨደው በመቀስ ይመስላል።

በግድግዳው ውስጥ ትንሽ የነሐስ በር አለች። ስከፍታት ውስጧ የሟቾቹ መዝገብና የጎብኚዎች ደብተር አለ። መዝገቡን ገልጬ ስሙን አገኘሁ፤ መስመሩን ቆጥሬ ሄድኩ።

ፊደሎቹ በነጩ ድንጋይ ላይ ጠልቀው ተቀርጸዋል፤ በጣቴ ስከተላቸው እርጥብ ናቸው። የመቶ አለቃ፣ ስሙ፣ ሬጅመንቱ፣ 25 ኖቬምበር 1914፣ ዕድሜው 27። የእኔ ታናሽ ወንድም ዕድሜ ነው። ከድንጋዩ አናት ላይ ሰዎች ቀደም ብለው ያኖሯቸው አምስት ጠጠሮች ነበሩ፤ አንዱ የባሕር ዳር ጠጠር፣ ክብና ለስላሳ። የእኔን ሸክላ ከጎናቸው ሳስቀምጥ ቀይ ስለሆነ ጎልቶ ወጣ። አፈርኩ። ግን ካልሆነም ከራሱ ምሽግ የመጣ ነው።

ጸሎት አላውቅበትም፤ የሱን ማለቴ ነው። ዝም ብዬ መሄድ ደግሞ አልቻልኩም። አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርኩና «ይትቀደስ ስምከ» ላይ ስደርስ ድምፄን ትንሽ ከፍ አደረግኩ፤ ቢሰማኝ ይህችን ያውቃታል ብዬ። የቀረውን በልቤ ጨረስኩ።

ከሰዓት በኋላ በታክሲ የሕንድ ወታደሮች መታሰቢያ ወዳለበት ወደ ኑቭ ሻፔል ሄድኩ። መንገድ መገናኛ ላይ፣ መኪና በሚያጎራበት ቦታ፣ ድንገት የሕንድ ቤተ መቅደስ የሚመስል ነገር ይቆማል። ክብ ግንብ ነው፤ ግማሹ እንደ ወንፊት የተፈለፈለ ድንጋይ፣ ግማሹ ስም የተጻፈበት ግድግዳ። መካከሉ ላይ ዐሥራ አምስት ሜትር የሚሆን ዓምድ አለ፤ አናቱ የሎተስ አበባ፣ ሥሩ ሁለት የተቀመጡ ነብሮች። የሠራው ኸርበርት ቤከር ነው፤ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1927። ከ4,700 በላይ ስም አለበት። ሁሉም መቃብር የሌላቸው ናቸው።

ደ ፓስ መቃብር አለው፣ ስም አለው፤ ለንደን ላይ ድንጋይ አለው፤ ሜዳሊያው ሙዚየም ገብቷል። እሱን አልቀናሁበትም፤ የሚገባው ነው። ግን እዚህ ግድግዳ ሥር ቆሜ 58ኛውን ስፈልግ ሆዴ ተላወሰ። 58ኛ ቮንስ ራይፍልስ ይላል። ከሥሩ ስም በስም ላይ፤ ካን፣ ሲንግ፣ ሻህ፣ ራም። ያ ቁስለኛ ከዳነ እዚህ የለም። ቆይቶ ሞቶ ከተቀበረም እዚህ የለም። ሌላ ቀን ሌላ ጭቃ ውስጥ ከጠፋ ግን ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ምናልባት አሁን ጣቴ ያረፈበት። ስሞቹን አንድ በአንድ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኳቸው። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። የታክሲው ሹፌር ሁለት ጊዜ መጥቶ አይቶኝ ተመለሰ፤ በኋላ ሒሳቡን ሲቀበል ያነበብኩበትን ጊዜ አልቆጠረብኝም።

ሁለተኛዋን ሸክላ ከ58ኛው ግድግዳ ሥር አኖርኩ። የእስላም ወይም የሲክ ወይም የሂንዱ ወግ ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም።

እግረ መንገዴን፣ እዚያው አጠገብ የፖርቱጋል ወታደሮች መቃብር አለ። የደ ፓስን አያቶች ያሳደደች አገር ልጆች እነሱም እዚህ ድረስ መጥተው ሞተዋል። ገብቼ ላየው ነበር፤ ጨለመብኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17 — መመለስ

ብስክሌቱን በሽቦ የታሠረ ሰንሰለቱን እያሳየሁ አስረከብኩ፤ ባለቤቱ ሳቀ። የሊል ባቡር ዘገየ። የለንደኑን ለጥቂት ደረስኩበት።

እናቴ ደወለች። ሽሮ እያማሰለች ነው፤ ማማሰያው ድስቱን ሲመታ ይሰማኛል።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«ነገ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ላስበው። ማን ልበል?»

እምነቱ ሌላ ነው ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። «ፍራንክ» አልኳት።

«የአባቱስ?»

«ኤልዮት።»

«ፍራንክ ኤልዮት» አለች ቀስ ብላ፣ አፏ እንዲለምደው። ሁለት ጊዜ ደገመችው። መቶ ዐሥር ዓመት ሙሉ ደ ፓስ ሲባል የኖረ ሰው ተንታ ላይ የአባቱን ስም ይዞ ፍራንክ ኤልዮት ሆነ።

«የዚያኛውስ?» አለች።

መስኮቱን አየሁ። ሜዳው አልቆ የባሕር ሥሩ የባቡር ዋሻ አጥርና የኤሌክትሪክ ገመድ መጥቷል።

«የሱን አልጻፉትም እማዬ።»

ማማሰያው ቆመ። «የእናቱንስ?»

«የእናቱንም።»

ትንሽ ቆየች። ከዚያ ሽሮው ሊያርርባት እንደሆነ ነግራኝ፣ ስገባ ደውል ብላኝ ዘጋችው።